ቤት ለእምቦሳ በሳን ሆዜ

ይህ ነገር በጠቅላላው ያስከፈለኝ የአንድ ቅዳሜ ገበያ፣ ግማሽ ታንክ ቤንዚንና የሌሊት እንቅልፌን ነው። እኔ ኦክላንድ ውስጥ ሻንጣ የምሸጥ ሰው ነኝ፣ «ነገ መጥቼ እገዛለሁ» የሚለኝን ደንበኛ እንኳ አላምንም፣ ስለዚህ በጂን ምናምን ያምናል ብላችሁ እንዳትጠረጥሩኝ።

ልጄ ሰሚራ አራተኛ ክፍል ናት፣ ስለ ጥንት የስፔኖች ከተማ ፕሮጀክት ሥሪ ተባለች፣ ለካ ይቺ ለትራፊኳ ሁሌ የምረግማት ሳን ሆዜ፣ ስፔኖች ወታደር የሚቀልቡ ገበሬዎች አስፍረው የቆረቆሯት ናት፣ ከዚያ ዘመን የተረፈ ቤት አለ ሲባል ሱቄን ዘግቼ ወሰድኳት።

«ዳዲ፣ ኢትስ አዶቤ!» አለችኝ በኩራት።

አዶቤ የምትለውን ግድግዳ ጠጋ ብዬ አየሁት፣ ጭቃና ጭድ።

«የኔ እመቤት፣ ደሴ እንደዚህ ዓይነቱ ቤት ውስጥ ነው የተወለድኩት፣ ማንም ሊጎበኘን አልመጣም እንጂ።»

አስጎብኚዋ፣ ሸምገል ያሉ ሜክሲኳዊት፣ በሩን ከፍተውልን ስልክ ሊያነሱ ዞር አሉ። ቀትር ነው፣ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፣ ቤቱ አንድ ክፍል፣ ከአንድ ጠረጴዛ በቀር ባዶ፣ ግን እመኑኝ፣ ትኩስ ምርጊት ይሸታል። ከዚያ ከግድግዳው በኩል ቸብ፣ ቸብ የሚል ድምፅ መጣ፣ ልክ ሰው በመዳፉ ጭቃ ሲለጥፍ እንደሚሰማው፣ የቧንቧ ነው ብዬ ተውኩት። ታዲያ የአፌ ነገር፣ ሽታው አዲስ ቤት አስመስሎብኝ፣ ደፉ ላይ ቆሜ «ቤት ለእምቦሳ!» አልኩ።

ቸብ ቸቡ ቆመ።

«እምቦሳ እሰሩ» አለ የሴት ድምፅ፣ ከባዶው ክፍል፣ ረጋ ብሎ። ይህን የሚመልሰው ደግሞ የቤቱ ባለቤት ብቻ እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ሰሚራ ፈገግ ብላ መግባት ጀመረች።

«ወዴት ነው አንቺ?»

«ሺ ሴድ ከም ኢን፣ ዳዲ።»

እኔ በአማርኛ የሰማሁትን እሷ በእንግሊዝኛ ሰምታዋለች! ክንዷን ያዝኩ፣ አልመጣ አለኝ፣ ወላሂ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጉልበት አልነበረም፣ ከወዲያ በኩል የያዘ አለ። ቢስሚላህ ብዬ በሁለት እጄ ስጎትታት ተያይዘን ደጅ ወደቅን።

አስጎብኚዋ ሮጠው መጡ።

«ግድግዳውን በቅርቡ ለስናችሁታል?» አልኳቸው።

«ኧረ ስንት ዓመቱ፣ ማንም አልነካውም!» አሉና የልጄን ሌላኛውን ክንድ አይተው አማተቡ፣ እኔ ያልያዝኩትን። አምስት ጣት፣ እርጥብ ጭቃ።

ጭቃው ታጠበ። አሁን ግን ሰሚራ ከትምህርት ቤት ስትመጣ በሩን ብከፍትላት እንኳ አትገባም፣ ደፉ ላይ ቆማ ወደ ውስጥ ታዳምጣለች፣ ከዚያ «ኦኬ» ትልና ትገባለች።

«ማንን ነው የምትጠብቂው?» ስላት ትስቅብኛለች።

«ዳዲ፣ ዩ ኖው።»

ሒሳቡ ይኸው ነው፣ የቤት ኪራይ ውሉ ላይ ያለነው እኔና ሰሚራ ብቻ ነን።