አንዲት ነጥብ፣ አንድ ትንፋሽ

የብሎን ፊት መጀመሪያ ቀላ፤ ቀጥሎ ጉንጮቹ ተነፉ፤ በመጨረሻ ዓይኖቹ ሊወጡ ደረሱ። ጣቱ ግን ከኮምፒውተሩ ረጅም ቁልፍ ላይ አልተነሳም። ጥቁሩ ስክሪን ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ ቀስ ብላ ወደ ታች ትወርዳለች። ጥጉ ላይ ካለች ትንሽ ጽሑፍ በቀር ሌላ ነገር የለም።

«ሃምሳ» አለች ምላጭ የእጅ ሰዓቷን እያየች። «ሃምሳ አንድ። ሃምሳ ሁለት።»

ብሎን ቁልፉን ለቆ አየሩን በአንዴ ተፋውና ወንበሩ ላይ ተዘረጋ። «በቃ፣ ሞትኩ። ንብረቴን ለእናቴ ስጡልኝ።»

«ምን ንብረት አለህ?»

«አንድ የተፈታታ ሬዲዮ።»

ብሎን የተባለው ያገኘውን ዕቃ ሁሉ ስለሚፈታ ነው፤ መልሶ ሲገጥመው ሁልጊዜ አንድ ብሎን ይተርፈዋል። ምላጭ ደግሞ ስሟን ያገኘችው በምላሷ ነው። በክፍላቸው ከእሷ ጋር ተከራክሮ የረታ ተማሪ የለም፤ ከመምህራንም ቢያንስ ሁለቱ ሞክረው ትተውታል።

የተቀመጡት በመዋኛ ገንዳው ቢሮ ውስጥ ነው። ክፍሉ ክሎሪን ክሎሪን ይሸታል። ጥግ ላይ የአረፋ መንሳፈፊያዎች ተደርድረዋል፤ ከበሩ በላይ «ብቻውን የሚጠልቅ የለም» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። ከመስኮቱ ማዶ የምላጭ አክስት ፊሽካ እየነፋች ሕፃናትን ዋና ታስተምራለች። ከትምህርት በኋላ በኮምፒውተሩ እንዲሠሩ የፈቀደችላቸው እሷ ናት። ዓርብ የትምህርት ቤታቸው የኮምፒውተር ክበብ አባላት የሠሯቸውን ጨዋታዎች ለተማሪው ሁሉ ያሳያሉ። የእነሱ ጨዋታ ያለ አየር ሲሊንደር፣ በአንድ ትንፋሽ ብቻ ባሕር ውስጥ ስለሚወርድ ጠላቂ ነው። ተጫዋቹ ቁልፉን ሲጫን የራሱን ትንፋሽ ይይዛል፤ ሲያቅተው ይለቃል። ኮምፒውተሩ ማን እንደተነፈሰ አያውቅም። ጨዋታው በእምነት ነው።

«አሁንም እላለሁ» አለ ብሎን፣ «ሻርክ ያስፈልገናል። አንድ ትንሽዬ ሻርክ።»

«ዛሬ ሻርክ፣ ነገ ቦምብ፣ ከነገ ወዲያ የሚጨፍር ዓሣ። አይገባም። ትንፋሹን ለያዘ ሰው ጨለማው ይበቃዋል። ስንቴ ልንገርህ? ከስክሪኑ ላይ ሊነሳ የሚችል ነገር ሁሉ ይነሳል።»

በዚህ ጉዳይ ሳምንቱን ሙሉ ተጣልተዋል። ብሎን የጨመረውን ሙዚቃ አስወጥታዋለች። ዓሣዎቹን አስወጥታቸዋለች። የውሃ አረፋዎቹን ያስወጣች ቀን ብሎን ምሳውን ብቻውን በላ።

ያልወጣው አንድ ነገር ብቻ ነው። በስክሪኑ ቀኝ ጥግ፣ በትንንሽ ነጭ ፊደል፣ «ሪከርድ፦ ምላጭ፣ 2፡10» ይላል።

ብሎን ቁጥሩን በጣቱ መታ መታ አደረገው። «ሁለት ደቂቃ ከዐሥር ሰከንድ። ሳንባሽ ከምንድን ነው የተሠራው? ግድ የለም፣ ቅዳሜ እሰብረዋለሁ።»

«እንዴት አድርገህ?»

«ውሃ ውስጥ። እዚያ ረዘም አድርጎ መያዝ ይቻላል ይላሉ። አክስትሽ ከሕፃናቱ ጋር ስትሆን በጥልቁ በኩል ሹልክ ብዬ እገባለሁ። ማንም አያየኝም።»

ምላጭ ማስቲካዋን ማኘክ አቆመች።

ያ ሪከርድ የተገኘው በማስቲካ ነበር። በመጀመሪያው ቀን፣ ነጥቧ እስከ ታች መውረድ አለመውረዷን ለማየት፣ ማስቲካዋን እያኘከችና በአፍንጫዋ እንደ ልቧ እየተነፈሰች ቁልፉን ተጭና ተቀምጣ ነበር። ከኋላዋ በሩ ላይ ሆኖ ሰዓት ሲይዝ የቆየው ብሎን ቁልፉን ስትለቅ ገባና «ትንፋሽሽን ይዘሽ ነው?» አላት። ያን ዕለት ጠዋት «ነጥብ ብቻ ያለው ቀሽም ጨዋታ» ብሎ አብግኗት ስለነበር «ታዲያስ» አለችው። አንዲት ቃል ናት። ግን አፉን ከፍቶ ሲያደንቃት ቃሏን ማጠፍ አቃታት። ቁጥሩን ጥጉ ላይ የጻፈውም እሱ ራሱ ነው።

«ብቻህን አትገባም» አለች።

«ፈራሽ አይደል? ሪከርድሽ ሊሄድብሽ ነው።»

ማስቲካዋን እንደገና ማኘክ ጀመረች። ደግነቱ በሩ ተከፈተና አክስቷ ፎጣ አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ፣ ውሃ እያንጠባጠበች ገባች። «ዐሥር ደቂቃ እረፍት አለኝ። እስኪ ይሄን የምትጨቃጨቁበትን ነገር ልየው።»

«ይቀመጡ ኮች» አለ ብሎን ወንበሩን እየለቀቀ።

አክስቷ በወጣትነቷ በአንድ ትንፋሽ ባሕር የጠለቀች ሴት ናት። እንደ ብሎን ጉንጯን አልነፋችም። ትከሻዋን አላላች፣ ሁለቴ በቀስታ ተነፈሰች፣ ሦስተኛውን ስባ ቁልፉን ተጫነች። ፊቷ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ፊት ነው። አርባ ሰከንድ ላይ ቁልፉን ለቀቀች፤ ግን አልተነፈሰችም። ነጥቧን አየቻት። ነጥቧ ባለችበት ቆማለች። አክስቷ ጠበቀች፤ ነጥቧም ንቅንቅ አላለችም። በመጨረሻ ተነፈሰች።

«መመለሻውስ?»

«የምን መመለሻ?» አለች ምላጭ።

«ሰውየው ወረደ። በምን ይወጣል?»

ሁለቱ ተያዩ።

«እናንተ ልጆች» አለች አክስቷ፣ «በዚህ ሳምንት ስንት ሰው እንደገደላችሁ ቆጥራችኋል?»

ብሎን በሳቅ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። ምላጭ ግን ነደዳት። «ጨዋታ ነው እኮ አክስቴ። ዋናው ጥልቀቱ ነው። ከባዱ መውረድ ነው፣ የሚያስፈራው መውረድ ነው፣ መመለስማ ማንም...»

«ጨረስሽ?»

«አልጨረስኩም።» ዓይኗ ግን ስክሪኑ ላይ አረፈ። ነጥቧ አሁንም እዚያው ናት፣ ጨለማው መሃል፣ ለብቻዋ። «ጨረስኩ» አለች።

«ግማሹ ትንፋሽ የመውጫው ነው። እሱን የነካ የሰው ዕቃ ነካ።» አክስቷ ስትነሳ ጥጉ ላይ ያለውን ቁጥር አየችው። «እኔ ሁለት ደቂቃ ለመድረስ ስንት ወር ነው የፈጀብኝ» አለች ለራሷ እንደምታወራ ሁሉ። ምላጭን አንዴ አየቻት፤ ፊሽካዋን አንስታ ወጣች።

ቀጥሎ ያለው ሰዓት የሳምንቱ ምርጥ ሰዓት ሆነ። ምላጭ በወረቀት ነደፈች፣ ብሎን ኮዱን ጻፈ። ከላይ አንድ ቀጭን መስመር አሰመሩ፤ እሱ የውሃው ገጽ ነው። ቁልፉን ሲጫኑት ነጥቧ ትወርዳለች፤ ሲለቁት ዞራ ትወጣለች። መስመሩ ላይ እስክትደርስ መተንፈስ የለም።

«ከተነፈሰስ?» አለ ብሎን።

«ቁልፉን አንዴ ይነካዋል። ስክሪኑ ነጭ ይሆናል። አለቀ።»

«ራሱ ይናዘዛል?»

«ራሱ።»

ብሎን ሳቀ። «ማን አባቱ ይነካዋል? ግማሹ ክፍል ዋሾ ነው። አንቺ ብቻ ነሽ የማትዋሺው። ሪከርድሽ የሚያናድደኝም ለዚህ ነው፤ እውነት ስለሆነ።» ይህን ብሎ ኮዳውን ውሃ ሊሞላ ወጣ።

ምላጭ ማስቲካዋን በወረቀት ጠቅልላ ጣለች። አየር ስባ ቁልፉን ተጫነች። ነጥቧ ወረደች። ዐሥራ ስምንት ሰከንድ ላይ ደረቷ ሲጨንቃት ለቀቀች። ነጥቧ ዞረች። መውጫው እንዲህ ይርቃል ብላ አላሰበችም ነበር። ከመስመሩ በታች አራት ጣት ሲቀር አፏ ሳትፈቅድለት ተከፈተ። ክፍሉ ውስጥ ማንም የለም። ነጥቧ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ወደ ላይ ትወጣለች።

ቁልፉን ነካችው። ስክሪኑ ነጭ ሆነ።

ብሎን ሲመለስ «ቁጭ በል» አለችው። «ሁለት ከዐሥሯ ውሸት ናት። በአፍንጫዬ እየተነፈስኩ ነበር።»

ብሎን ኮዳውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። «ሙሉውን?»

«ሙሉውን። ማስቲካም እያኘክሁ።»

«እኔ እኮ ሳምንቱን ሙሉ አልጋዬ ላይ ስለማመድ ነበር። እናቴ አስም ያዘው ብላ ሐኪም ቤት ልትወስደኝ ነው።»

«ይቅርታ።»

ጠበቃት። «‹ግን እኮ› የለም? ክርክር የለም?»

«የለም። ቅዳሜ ግን ብቻህን አትገባም። የምትሰብረው ነገር የለም።»

ብሎን ከበሩ በላይ ያለውን ሰሌዳ አየና ዓይኑን መለሰ። «እሺ፣ አልገባም።» ወንበሩን በእግሩ ሳበና ጀርባውን ሰጥቷት ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ «ስለዚህ አንደኛው እኔ ነኝ» አለ። «ሃምሳ ሁለት።»

«አልተመለስክም። ሞተሃል።»

መሳቅ አልፈለገም። ከንፈሩን ነከሰ፤ ትከሻው ግን አሳጣው። «ለካሳው ሻርኩ ይገባል» አለ ዞሮ።

«አይገባም።»

«ትንሽዬ።»

«አይገባም።»

«ታዲያ ጥጉ ላይ ምን እንጻፍ? የኮችን አርባ ሰከንድ?»

ምላጭ ኪቦርዱን ወደ ራሷ ሳበች። መጀመሪያ ስሟን አጠፋች፤ ቀጥሎ ቁጥሩን፤ በመጨረሻ «ሪከርድ» የሚለውን ቃል።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ሊነሳ የሚችል ነገር ሁሉ ይነሳል።»

ጥቁሩ ላይ አንድ መስመርና አንዲት ነጥብ ቀሩ። ከመስኮቱ ማዶ ፊሽካ ተነፋ። ብሎን ወንበሩን አስጠጋ፣ ልክ እንደ አክስቷ ትከሻውን አላላና አየር ሳበ።