ከኋላ የሚነዳው ውሻ

የሥጋ ቤቱ ባለቤት በጓሮው ሲሚንቶ ላይ በጀርባው ተዘርግቷል፤ ጉሮሮው ተበሳስቶ ደሙ እስከ ውኃ መውረጃው ደርሷል። ራስጌው ጥቁሩ ሮትዋይለር ውሻው ተጋድሟል፤ አፉ ደም በደም። ጠመንጃ የያዘው ፖሊስ ትእዛዝ ብቻ ይጠብቃል።

«ጣትህን ከቃታው አንሳ ልጄ፤ እኔን ትፈጀኛለህ» አለች መርማሪዋ ገና ከበሩ። በመሥሪያ ቤቷ «እማማ ስጋት» ይሏታል። በሯን ቆልፋ መልሳ የምትፈትሽ፣ የልጅ ልጇ ባስነጠሰ ቁጥር እንቅልፍ የምታጣ ሴት ናት። ሬሳም ላይ እንደዚያው ናት፤ ደግማ ሳታይ አታምንም።

የሟች ሚስት ግድግዳ ተደግፋለች። ጎህ ሲቀድ ውሻውን ከቤቱ ኋላ ፈትታ ወደ ጓሮው ሳታይ ተመልሳ ገብታ ነበር፤ ባሌን ያስበላሁት እኔ ነኝ ትላለች። የሟች ታናሽ ወንድም፣ ሽርጡን እንደታጠቀ፣ ውሻው ይገደል፣ ሴትዮዋም ትታሰር ባይ ነው። ሽማግሌው ሥጋ ቆራጭ አንገቱን ደፍቷል።

«አንተስ ከውሻው ጋር ትስማማለህ?» አለችው መርማሪዋ ወንድምየውን።

«ኧረ ወዲያ! ዛሬማ አጠገቡም አልደረስኩ» አላት ወንድምየው።

መርማሪዋ ሚስቲቱን ወደ ጥግ ወስዳ፣ ብርድ እንዳይመታት የራሷን ነጠላ አልብሳ ስለ ውሻው ጠየቀቻት። ባሏ ደንበኛው ሁሉ እስኪሰለቸው ያወራው የነበረውን ነገረቻት። የዚህ ዘር አያቶች በጀርመን አገር የሥጋ ነጋዴ ውሾች ነበሩ፤ ከብት ከኋላ እየነዱ ገበያ ያደርሳሉ፣ የሥጋ ጋሪ ይጎትታሉ። ከብት የሚያጓጉዝ ባቡር መጥቶ እንጀራቸውን ሲነጥቃቸው ዘሩ ሊጠፋ ጥቂት ቀረው፤ ኋላ ፖሊስ ቀጥሮት ተረፈ።

«ከብቱን በትከሻው ነው የሚገፋው። የሚወደውንም ሰው ከኋላው መጥቶ ይደገፈዋል። እኔን ስንቴ ጥሎኛል መሰለዎት፣ እማማ» አለችና አለቀሰች።

መርማሪዋ ሁሉንም ሥጋ መቁረጫው ክፍል ሰበሰበቻቸው፤ ፖሊሱ ውሻውን በገመድ ይዞ ገባ።

«ጥርስ ከላይም ከታችም ነው የሚነክሰው» አለች። «የሟች አንገት ላይ ግን ቀዳዳው ሁሉ በአንድ ወገን ነው። በሥጋ መስቀያ መንጠቆ ተመትቷል፣ ደጋግሞ፣ በጥላቻ። እዩአቸው መንጠቆዎቹን። ሁሉም የትናንት ጮማ ይዘዋል፤ ይቺ አንዷ ታጥባ ታበራለች። የሥጋ ቤት ሰው ገዳይም ቢሆን የቆሸሸ መንጠቆ አይሰቅልም፤ እጁ እምቢ ይለዋል።»

ቆራጩና ወንድምየው ተያዩ።

«ውሻው ያኔ ታስሮ ነበር። ሲፈታ ጌታውን ላሰው፤ የአፉ ደም የዚያ ነው። ትከሻውንም ደም ነክቶት ነበር፤ ያ ግን ተፈግፍጓል። ከዚያ በኋላ ሰው ተደግፏል ማለት ነው። በሉ ልቀቁት።»

ፖሊሱ ዐይኑን ጨፍኖ ገመዱን ለቀቀ። ውሻው ሚስቲቱን አለፈ፣ ቆራጩን አለፈ፣ ከወንድምየው ኋላ ሄዶ ሙሉ ክብደቱን ጣለበት። የሰውዬው ጉልበት ታጠፈ።

«እስቲ ዙርልኝ ልጄ።»

ሱሪው ላይ፣ ከጉልበቱ ኋላ፣ ቀድሞ የደረቀ ደምና አጭር ጥቁር ፀጉር ተጣብቋል።

«ዛሬ አጠገቡም አልደረስኩ አልከኝ፤ ቦቲ ጫማህን አጥበሃል፣ ሽርጥህንም አጥበሃል» አለችው። «ሽርጥ ግን ጀርባ የለውም።»

«በሽታ የገደላትን ላም ለሰው እያበላህ ነው፣ ዛሬ አስይዝሃለሁ አለኝ» አለ፤ «የገዛ ወንድሜ!» መንጠቆውን ከተሰቀለበት ነጥቆ ወደ መርማሪዋ ፊት ወረወረው። እጅጌዋን ቀደደው፣ ክንዷን ሰነጠቀው። ውሻው በደረቱ ገፍቶት የሰውዬው አፍ ከብረት ጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ተጋጨ፤ ጥርሱ ወለሉ ላይ ተበተነ።

ሚስቲቱ ፖሊሱ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ ሲያንጠለጥል አየች። ያን ጊዜ ነው ወለሉ ላይ የተቀመጠችው።

እጁ በካቴና የታሰረው ሰው ወደ መኪናው ሲሄድ እግሩ ተጎተተበት። ውሻው ከኋላው መጣና በትከሻው ገፋው፤ ሲቆም ገፋው፣ ሲዞር ገፋው፣ ልክ እንደ አያቶቹ፣ ሳይነክስ፣ ሳይቸኩል፣ እስከ መኪናው በር ድረስ ነዳው።

«አፉን እጠቡለት» አለች መርማሪዋ ክንዷን እያሰረች። «የጌታው ደም እንደደረቀበት እንዳያድር።»