ከኋላው ክፍል የሚያስተምራት ሰው

እኔ፣ ድምፅ ሰማሁ፣ ጥላ አየሁ የሚል ሰው ሲገጥመኝ በልቤ «ይሄ ሰው ራቱን ሳይበላ ነው የተኛው» የምል ነበርኩ፣ ዛሬም ሌላ ሰው ይህንኑ ቢነግረኝ አላምነውም፣ ስለዚህ አንተም ባታምነኝ አልቀየምህም፣ ብቻ እስከ መጨረሻው ስማኝ።

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው። እኔና ባለቤቴ ጽጌ በሞያሌ በኩል ወጥተን ናይሮቢ ከገባን ገና ጥቂት ወራችን ነበር። አዲስ አበባ እያለሁ የመሥሪያ ቤታችን አንደኛ ታይፒስት ነበርኩ፣ እውነቴን ነው፣ ከሰው ጋር እያወራሁ፣ ጣቶቼን ሳላይ የምመታ፣ ጽጌ ደግሞ የቤት እመቤት ነበረች። ናይሮቢ ግን ነገሩን ገለበጠችው፤ እኔ ኢምባካሲ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ፣ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ተሸካሚ ስሆን፣ እሷን የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ፓርክላንድስ ያለ አንድ የእርዳታ ቢሮ አስገቧት፣ ያውም ኮምፒዩተር ላይ!

ምን ልደብቅህ፣ ቀናሁ። ማታ ማታ ከሥራ ስወጣ ሄጄ እወስዳታለሁ፣ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ ተጨናንቀን ስንመለስ የምታወራው ስለዚያ መጻፊያ ፕሮግራም ብቻ ነው።

«ይገርምሃል፣ ዝም ብለህ ብትመታው አይጽፍልህም፣ ይጮህብሃል። መጀመሪያ ‹አይ› የምትባለዋን ፊደል መንካት አለብህ፣ ጽፈህ ስትጨርስ ደግሞ ኤስኬፕ የምትባለዋን ትጫናለህ፣ ያኔ ፊደሉ ሁሉ ትእዛዝ ይሆናል፤ ‹ጄ› ወደ ታች፣ ‹ኬ› ወደ ላይ፣ ‹ኤክስ› አንድ ፊደል ትበላለች፣ ‹ዲ›ን ሁለቴ ከመታህ መስመሩ እንዳለ ድራሹ ይጠፋል።»

«ከጠፋ በኋላስ?»

«‹ዩ› ትለዋለህ፣ ይመለሳል!» ብላ እንደ ልጅ ሳቀች።

ዕድሜዬን ሙሉ ፊደል ስመታ የኖርኩት እኔ፣ ፊደል ትእዛዝ ሲሆን ከሚስቴ መስማቴ እንዴት እንዳንገበገበኝ! «ማነው ያስተማረሽ?» አልኳት። «እንዲሁ ለመድኩት» አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፣ ግን ከንፈሯ ላይ ፈገግታ ነበር፣ እንዲህ ያለውን ፈገግታ ደግሞ ባል የሆነ ሁሉ ያውቀዋል።

የጠረጠርኩት ምዋንጊን ነው። ምዋንጊ የቢሮውን ማሽኖች የሚጠብቅ ኬንያዊ ነው፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ጥርሱ የማይከደን። አንድ ቀን በር ላይ አግኝቼው «ባለቤቴን እያስተማርክልኝ ነው አሉ» አልኩት በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ።

«ሚሚ?» አለ በስዋሂሊ፣ «እኔ?» ብሎ ደረቱን ነካ። «እኔ እንዴት እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ ብቻ ነው ያሳየኋት፣ ሃኪ ያ ሙንጉ!» ብሎ በእግዚአብሔር ስም ማለልኝ። «አሁን ከእኔ ትበልጣለች። ከማን እንደተማረች እንዲያውም እኔ ልጠይቅህ ነበር።»

ማለ ብዬ ዝም የምል መሰለህ? ጭራሽ ባሰብኝ። ታዲያ አንድ ዝናባማ ቀን መጋዘኑ ቀደም ብሎ ሲለቀን፣ ሳልነግራት በጊዜ ሄድኩ። ቢሮው አሮጌ የህንዶች መኖሪያ ነበር፣ ረጅም ኮሪደር ያለው፣ የእሷ ክፍል ከፊት፣ አንድ ሁልጊዜ የተቆለፈ ክፍል ደግሞ ከኋላ። ሠራተኛው ሁሉ ወጥቷል። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ የዝናቡን ውሃ ከልብሴ ሳራግፍ ከፊተኛው ክፍል ቀጭ ቀጭ ቀጭ የሚል የእሷን መምታት ሰማሁ፣ ቆመ፣ ከዚያ ከኋለኛው ክፍል ቀጭ ቀጭ ቀጭ፣ እሱም ቆመ፣ ከዚያ ጽጌ ቀስ ብላ ሳቀች። እመነኝ፣ ልክ የሁለት ሰው ጨዋታ ነው! ደግሞ እኔ ታይፒስት ነኝ፣ እጅን በድምፁ እለያለሁ፤ የኋለኛው የወንድ እጅ ነው፣ የሠለጠነ፣ አመታቱ ከዚህ በፊት የሰማሁት መሰለኝ፣ ግን የት እንደሆነ አልመጣልኝ አለ።

በእሷ ክፍል በር ስንጥቅ አየሁ። ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀምጣለች፣ አረንጓዴው ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ አንድ በአንድ ይወጣል፣ እጆቿ ግን ጭኗ ላይ ናቸው። በእንግሊዝ ፊደል የተጻፈ አማርኛ ነበር። «ቀስ በይ። መጀመሪያ ኤስኬፕ። አይዞሽ፣ የኔ ጽጌ» ይላል።

የኔ ጽጌ! ደሜ ፈላ። ኮሪደሩን በሁለት እርምጃ ጨርሼ የኋላውን በር በጡጫ ደበደብኩት። ምቱ ቀጥ አለ፣ ሰው ትንፋሹን ሲውጥ እንደሚሆነው ዓይነት ጸጥታ። ወዲያው ምዋንጊ ከግቢው እየሮጠ ገባ፣ ራሱ በዝናብ በስብሶ፣ ስለዚህ እሱ አይደለም።

«ክፈት!» አልኩት።

«ይሄ እኮ ዕቃ ማስቀመጫ ነው» እያለ ከፈተው። ሰው የለም። መስኮቱ በብረት የታጠረ። ጥግ ላይ አንድ ማሽን ብቻ አለ፣ በመርከብ ሲመጣ ተበላሽቶ የቀረ፣ ስክሪኑ ወደ ግድግዳ የዞረ፣ የኤሌክትሪክ ገመድ እንኳ የሌለው፣ በፕላስቲክ የተሸፈነ። ፕላስቲኩ ከላይ አቧራ ጠግቧል። ከውስጥ በኩል ግን፣ ቁልፎቹ ካሉበት ላይ፣ ሰው ሲተነፍስበት እንደዋለ መስታወት ጉም ለብሷል።

ምዋንጊም አየው። ክንዴን ይዞ አስወጣኝና ቆለፈው።

ማታቱ ስንጠብቅ ጽጌ እጄን ያዘች። ፊቷ በርቷል።

«በሩን ምን አስደበደበህ? መደበቁ ሰለቸህ?»

«ምን?»

«አውቄያለሁ እኮ! ከመጀመሪያው ቀን ነው ያወቅኩህ። እዚያ ቢሮ ከእኔ ሌላ አማርኛ የሚችል ማን አለ? ምዋንጊን ለምነህ ያንን ክፍል አስከፍተህ፣ ለኔ ብለህ ተምረህ፣ በአፍህ ብለኸኝ የማታውቀውን ሁሉ ስትጽፍልኝ...»

«ጽጌ፣ እኔ አይደለሁም።»

«እሺ፣ አይደለህም» ብላ ሳቀች።

«እናቴ ትሙት!»

«ገጹን በሙሉ አጥፍቼ ሳለቅስ ከኋላዬ መጥተህ ትከሻዬን የያዝከኝስ? እንዳታፍር ብዬ ነው ዞር ያላልኩት። እጅህ ብቻ በረዶ ሆኖ ነበር።»

ያን ቢሮ እኔ ከበሩ አልፌ የገባሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ቢሮው ወደ ላቪንግተን ተዛወረ፣ የተበላሸውን ማሽን የት እንደጣሉት አልጠየቅኩም። ጽጌ ግን እስካሁን እንግዳ በመጣ ቁጥር ታሪኩን ታወራለች፣ «ባሌ ለኔ ብሎ ተደብቆ ተማረ» ትላለች፣ ሰው ይመርቀኛል፣ እኔም አንገቴን ደፍቼ የሌላ ሰው ምርቃት እቀበላለሁ። ስንጣላ ደግሞ፣ ስቆጣ፣ እንባ ባቀረረ ዓይኗ ታየኝና «ያኔ እንዴት ያለ ሰው ነበርክ፣ የት ገባ ያ ሰው?» ትለኛለች።

የት እንደገባ እኔም ባውቅ ደስ ባለኝ። ያን አመታት የት እንደሰማሁት ግን ኋላ መጣልኝ፤ አዲስ አበባ እያለሁ፣ ከራሴ ጣቶች ሥር ነው። መሄዱንም እርግጠኛ አይደለሁም፤ አንዳንድ ቀን ቤት ስገባ ብቻዋን ሆና፣ ፊቷ እንደዚያ ቀን በርቶ አገኛታለሁ።