ካርታው ላይ የሞተው ኤላ

ፈጠራ መስሏችሁ እንዳታልፉት። ይሄ በገዛ እህቴ በዱረቲ ላይ የደረሰ ነው። ፈቃዷን ጠይቄ ነው የምጽፈው። እሷ ግን "አላነበውም" ብላለች...

የካቲት 2014፣ ሐሙስ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ዱብሉቅ፣ ቦረና።

ጨለማ የለ፣ ምን የለ... ፀሐይ አናት የምትበሳበት ሰዓት ነው።

ዱረቲ የነገሌ ቦረና ልጅ ናት። ሥራዋ የመጠጥ ውሃ ያለበትን ቦታ ሁሉ እየዞረች በስልኳ ካርታ ላይ መመዝገብ ነበር። ውሃ አለው ካለች በዙሪያው ቀይ ክብ ይሰመራል። ክቡ ውስጥ ማንም ቆሻሻ አይደፋም። የሞተ ነው ካለች ግን ጉድጓዱ ለሽንት ቤት ቦቴ መድፊያ ይሰጣል።

ዝርዝሩ የሚዘጋው የዚያኑ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።

የቀራት አንድ አሮጌ ኤላ ብቻ ነበር። ኤላ ማለት ሰዎች ከታች እስከ ላይ ተሰልፈው ውሃ እየተቀባበሉ የሚያወጡበት የቦረና ጥልቅ ጉድጓድ ነው። የጉድጓዱ ድንጋይ ተንዷል፣ ታቹ ደረቅ አፈር ነው። ከሱ ዝቅ ብሎ መንደሩ ሁሉ የሚጠጣበት ሌላ ኤላ አለ።

አፉ ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ኩራ የሚባሉት የውሃ ተራ አስከባሪ ናቸው።

"አካም፣ አባ?" ብላ ሰላም አለቻቸው።

"ናጋ። ሞተ ብለሽ እንዳትጽፊ።"

"ውሃ የለውም እኮ፣ አባ።"

"አለው። ለማየት ተራ ያዢ። እንደማንኛውም ሰው በሦስተኛው ቀን ይደርስሻል።"

"ሦስት ቀን ከየት ላምጣ? ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

እዚያ አገር ሹምም ቢሆን የኤላ ተራ አይዘልም። ዱረቲም የቦረና ልጅ ናት፣ አሳምራ ታውቃለች። ግን ቸኩላለች። "የሞተ" የሚለውን ነካችው።

ዞር ብላ ስታይ ግን የሽማግሌው ሽርጥ ጫፍ ውሃ ያንጠባጥብ ነበር...

በመኪና ወደ ያቤሎ ተነሱ። ሾፌሩ ፍቅረማርያም ይባላል። የነገሌ ካምፕ ወታደር ልጅ፣ ወሬው ሁሉ ቀልድ የሆነ ሰው ነው።

ዱረቲ ካርታውን ከፈተች። ከሞተው ኤላ አጠገብ ያልመዘገበችው ሰማያዊ ነጥብ አለ።

ደግማ ከፈተችው... አራት ሆነዋል።

ደግማ... አሥራ አንድ።

መንገዱን ይዘው ወደ መኪናው እየመጡ ነው። እኩል እኩል ተራርቀዋል። ኤላ ውስጥ ቆመው ባልዲ የሚቀባበሉ ሰዎች ይመስላሉ።

"ፍቅሬ... ፍጠን።"

"ምነው? በጠራራ ፀሐይ ጅብ አየሽ እንዴ?"

"ዝም ብለህ ንዳ!"

ነጥቦቹም ፈጠኑ። የፊተኛው ከመኪናው ኋላ ደርሶ ተለጠፈ።

ፍቅረማርያም በመስታወቱ አየ። ቀልዱ ጠፋ።

"ዱሬ... አስፋልቱን እዪው።"

በዚያ ድርቅ፣ በዚያ ፀሐይ... አስፋልቱ ላይ በየአሥር እርምጃው ውሃ ፈስሷል።

ከዚያ ዘፈን ሰሙ። ውሃ የሚቀዱ ወንዶች ዘፈን... ከመኪናው ወለል ሥር።

"ምን አድርገሽ ነው?" አላት በሹክሹክታ።

"ሳላይ... ሞተ ብዬ ጻፍኩ።"

"አስተካክይዋ! በማርያም!"

ስምንት ከሃምሳ አምስት። "የሞተ" የሚለውን አጠፋች። ክቡን አሰመረች። ላከችው። ኔትወርኩ ዞረ... ዞረ... ገባ።

ዘፈኑ ቆመ። ነጥቦቹ አንድ በአንድ ጠፉ።

ቦቴው ወደዚያ ኤላ ድርሽ አላለም። መንደሩም ከታችኛው ኤላ እስከ ዛሬ ንጹሕ ውሃ ይጠጣል። ያ ሁሉ አልፏል ብላ እህቴ ወደ ቤቷ ገባች።

ተራው ግን ተይዞላታል።

ቅዳሜ፣ በሦስተኛው ቀን። ነገሌ፣ ቤቷ ውስጥ ብቻዋን ናት። ልክ ስምንት ሰዓት ላይ ስልኳ ጮኸ። ካርታው በራሱ ተከፍቷል። ነጥቦቹ ከዱብሉቅ እስከ ነገሌ ተሰልፈዋል።

የመጨረሻው በሯ ላይ ነው።

በሩ ተንኳኳ...

ከፈተች። ሰው የለም። እስከ ክርኑ የረጠበ አንድ እጅ ብቻ ከግድግዳው ጎን ወጥቷል። የኤላ የቆዳ ባልዲ ይዟል። ባልዲው ሙሉ ነው።

"ተቀበይ።"

ምን ታድርግ... ተቀበለች።

ኤላ ላይ ባልዲ ተቀብሎ መያዝ የለም። ለሚቀጥለው ማቀበል ነው። ለማን ታቀብል? ቤቱ ባዶ ነው።

ቀስ ብላ ዞረች።

ከአልጋዋ ሥር ሌላ እርጥብ እጅ ተዘርግቶ ይጠብቃታል።