ፀሐይ የበላችው መብራት

በተሽከርካሪ ምርመራ ጣቢያው ውስጥ መርማሪዋን ሁሉም «ወይ ፍንክች» ይሏታል። አንድ መኪና ከጣለች ጣለች ነው፤ ባለቤቱ ቢለማመጥ፣ ቢቆጣ፣ የማን ዘመድ እንደሆነ ቢደረድር፣ እሷ ወይ ፍንክች! እንግዲህ ይህችው ልጅ ናት ዛሬ በአባቷ ታክሲ ውስጥ ተቀምጣ ልቧ ድው ድው የሚለው።

ነገሩ የጀመረው ከሦስት ወር በፊት ነው። ጋራዥ ያለው አንድ የመኪና ኤሌትሪሺያን ነጭ መኪናውን ይዞ ለምርመራ መጣ። የኋላ መብራቶቹ ላይ ጥቁር ፊልም ለጥፎባቸዋል። እሷም ጣለችው።

«ፊልም ክልክል ነው የሚለው የትኛው አንቀጽ ነው?» አላት ፈገግ ብሎ።

«የፍሬን መብራት ከሠላሳ ሜትር መታየት አለበት ይላል።»

«ይታያላ! ነይና እይው።»

«አላይም።»

«ወይ ጉድ! መርማሪ አይደለሽም እንዴ?»

ቅሬታ አቀረበ። በሳምንቱ ሌላ ቅሬታ ጨመረ። ሲመጣ ትበሳጫለች፤ የቀረ ቀን ደግሞ ዓይኗ ከበሩ አይነቀልም። በመጨረሻ ቅሬታ ሰሚዎቹ ሦስት ሆነው መጡና በምርመራ አዳራሹ ውስጥ ሠላሳ ሜትር ለክተው ቆሙ። ፍሬን ሲረግጥ መብራቱ ቀይ ሆኖ በራ። ተፈቀደለት። እሷም ማኅተሟን መትታ ፈረመች።

አዳራሹ ጣሪያ አለው፤ በጠራራ ፀሐይ እንኳ ድንግዝግዝ ያለ ነው። መኪናውን ወደ ውጭ አውጥተን እንየው ያለ አንድም ሰው አልነበረም። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ የእሷም ዓይን የዚያን ቀን ከመብራቱ ይልቅ ባለመብራቱ ላይ ነበር።

«ስላሸነፍኩሽ ሻይ ልጋብዝሽ?» አላት።

«ሁለት ከሆነ» አለችው። ፍቅራቸው እንዲህ ተጀመረ።

ዛሬ ደግሞ አባቷን ይዛ ወደ እናቱ ቤት ለምሳ እየሄደች ነው። እሱ መንገድ ሊያሳያቸው በነጯ መኪና ከፊት ይመራል። አባቷ ሠላሳ ዓመት ታክሲ የነዱ ሰው ናቸው፤ ከመንጃ ፈቃዳቸው በቀር ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም።

«ይሄ ልጅሽ መብራት ያጠቁራል አሉ» አሉ አባቷ።

«ያምራል ብሎ ነው አባዬ።»

«መብራት ምን ሊያምር ነው? ይብራ እንጂ!»

ልትስቅ አፏን ስትከፍት ነጯ መኪና ቀጥ ብላ ቆመች። የኋላ መብራቶቿ ላይ የቀትር ፀሐይ ብቻ ያብረቀርቃል። አባቷ ፍሬኑን የረገጡት ዘግይተው ነበር።

ጓ! ነጯ መኪና ተስፈንጥራ ከስልክ እንጨት ጋር ተላተመች።

የእሱ በር አልተከፈተም። ከታክሲው ወርዳ ሮጠች። ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ አየችው። ሞተ አለች በልቧ፤ እኔ ነኝ የገደልኩት፣ በፊርማዬ።

«አትሙትብኝ! እባክህ፣ በእናትህ አትሙትብኝ!»

ቀስ ብሎ ቀና አለ። ከቅንድቡ በላይ ደም ይወርዳል። «ሴትዮዋ ተረፉ?» አላት። ጋሪ የሚገፉ ሴት ድንገት መንገድ ውስጥ ገብተውበት ኖሮ ለእሳቸው ብሎ ነበር የቆመው። ሴትዮዋ ከማዶ ሆነው አፋቸውን በእጃቸው ይዘዋል፤ ምንም አልሆኑም።

የትራፊክ ፖሊስ ለመምጣት ብዙም አልቆየም። «ከኋላ የገጨ ጥፋተኛ ነው። አባት፣ መንጃ ፈቃድ!»

«የፍሬን መብራት አላየሁም ልጄ» አሉ አባቷ መንጃ ፈቃዳቸውን አውጥተው እየሰጡት።

ፖሊሱ ከነጯ መኪና የምርመራውን ወረቀት አውጥቶ አነበበ። «መብራቱ ደህና ነው ይላል። ተፈርሞበታል።»

 ዝም ብትል አባቷ በስተርጅና መንጃ ፈቃዳቸውን ይነጠቃሉ። ብትናገር የእሷ ሥራ ያከትማል፤ የእሱም ጋራዥ ይታሸጋል፣ እሱም ምናልባት እስከ ወዲያኛው ይቀየማታል። የአባቷን ፊት ማየት ፈራች። የእሱንም ፈራች።

«የፈረምኩት እኔ ነኝ» አለችው ፖሊሱን። «አዳራሽ ውስጥ ነው ያየሁት። አባቴ አላጠፋም።»

ይቀየመኝ ይሆን ብላ ለመስጋት እንኳ ጊዜ አልሰጣትም። «እውነቷን ነው» አለ እሱ፣ ከመኪናው ወርዶ ደሙን በእጅጌው እየጠረገ። «ፊልሙን የለጠፍኩት እኔ፣ ይታያል ብዬ የተሟገትኩትም እኔ። የቀኙ መብራት አልተሰበረም፤ ሞክረው።»

ተመልሶ መኪናው ውስጥ ገባ። ፖሊሱ ሠላሳ ሜትር ርቆ ዞረ፣ መዳፉንም ግንባሩ ላይ ጋርዶ አተኮረ።

«እርገጠው እንጂ!»

«ረግጬዋለሁ!»

ፖሊሱ አሥር እርምጃ ቀረበ። «እርገጠው አልኩህ!»

«ረግጬዋለሁ እኮ ነው የምልህ ወንድሜ!»

መኪናዋ አጠገብ ሲደርስ ነው ቀዩን ያየው። መንጃ ፈቃዱን ለአባቷ መለሰ፤ እሷንና እሱን ግን በማግስቱ ጠዋት ቢሮ እንዲቀርቡ አዘዛቸው። ጠዋት ማኅተሟን እንደምታስረክብ አወቀች፤ ከዚያ ወዲያ የሚሆነውን አላወቀችም።

እሱ መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ ስልኩን አወጣ። ይህንኑ ፊልም የለጠፈላቸው አሥራ ዘጠኝ ደንበኞች አሉት። «ጌታዬ፣ ነገ አይደለም፣ አሁኑኑ ያምጡልኝ፤ በነፃ አነሳዋለሁ» ይላል። አንዷ ደንበኛ ስልክ አላነሳ ስትለው ፊቱ አመድ መሰለ። እሷም አጠገቡ ተቀምጣ በራሷ ስልክ ደጋግማ ሞከረች። በአምስተኛው «አቤት?» ያለ ድምፅ ሲመጣ ሁለቱም እንባቸው መጣ።

አባቷ አጠገባቸው ቆመው አዩዋቸው። ምን ሊሉ ነው ብላ ቀና አለች።

«በሉ ተነሱ» አሉ። «እናቱ ምሳ ይዘው እየጠበቁን ነው። አንተ ከእኔ ጋር ፊት ግባ፤ ከኋላህ መንዳት እንደሆነ በቅቶኛል።»

ከኋላ ወንበር ሆና እጇን ትከሻው ላይ ጣል አደረገች።

«ደነገጥሽ እንዴ?» አላት ዞሮ።

«እወድሃለሁ» አለችው፣ አባቷ እየሰሙ። «ሁለተኛ እንዲህ ብታስፈራኝ ግን የምገድልህ እኔው ነኝ።»