የላይኛው ምንጭ ሳህኖች

«ምንጩ ነው የበላው!» አለች መምህርት ድንቅነሽ ለስንተኛ ጊዜ። «ውሃውን በጠርሙስ እየቀዳ ለተማሪ ሲያድል ቆሌው ዝም ይለዋል?» ኬሚስትሪ የምታስተምር ናት እንግዲህ።

«ቆሌ መስኮት አይዘጋም፣ መምህርት» አለቻት ኢንስፔክተር የትምወርቅ።

የባዮሎጂ መምህሩ ጠልሐ፣ መካነ ሰላም ባለው ኮሌጅ ቤተ ሙከራ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞቶ ተገኝቷል። በሩ ተቆልፎ፣ መስኮቱ ተዘግቶ፣ አጠገቡ የከሰል ምድጃ ነበር። መብራት ስለጠፋ ከሰሉን አቀጣጥላ የሄደችው የሁለተኛ ዓመት ተማሪዋ ፈርሂያ ናት። ስለዚህ ገዳይዋ እሷ ተባለችና ጣቢያ አደረች።

የትምወርቅን ያንገሸገሻት ይኸው ነው። ሳትጠይቅ መልሱ ተዘጋጅቶ ይጠብቃታል።

«ለምን ከሰል?»

«የጀርም ማሳደጊያ ሳህኖቹ እንዳይበርዳቸው ነዋ!» ፈርሂያ እያለቀሰች ትቆጣለች። «ከየምንጩ የቀዳነው ውሃ ጀርም ካለበት በሙቀት ነው የሚያድግ። ወላሂ፣ መስኮቱን ወለል አድርጌ ነው የወጣሁት! ቲቸርም ሳይከፈት ከሰል አያስገባም።»

«ውጤቱን ታውቂው ነበር?»

«ማንም አያውቀውም። ትምህርቱ እኮ እሱ ነው! ድሮ የአምናውን መልስ ገልብጠን ነበር የምናስረክብ።»

የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር በላይ ግን አፌዘ።

«ደግሞ የተማሪ ምርምር! መጽሐፉ ያዘዘውን ሠርተው ይለፉ ብል ማን ሰማኝ? የላይኛው ምንጭ ንጹሕ መሆኑን እኔው አጥንቼ አሳትሜያለሁ፤ ለዚህ ወንበር ያበቃኝም እሱ ነው። ቤተ ሙከራውን ዘንድሮ እግሬም አልረገጠውም።»

የትምወርቅ ሳህኖቹን አየች። ሁሉም ተደፍተዋል፤ የላይኛው ምንጭ ሳህኖች ብቻ ክዳናቸው ወደ ላይ ነው።

ከሟቹ ሌላ የቤተ ሙከራው ቁልፍ ያላቸውን ሦስቱንም፣ ድንቅነሽን፣ ፈርሂያንና በላይን፣ ሰበሰበችና ለበላይ ባዶ ሳህን ሰጠችው።

«ውሃ ያለበት ነው ይበሉና፣ እንደሚያድርበት ያስቀምጡልኝ።»

በላይ እንደ ወጥ ድስት ክዳኑን ወደ ላይ አድርጎ አስቀመጠው። ፈርሂያን አላስቻላትም።

«ኧረ ዶክተር! የክዳኑ ላብ ይንጠባጠብበታል፤ ተደፍቶ እኮ ነው!» ድንቅነሽም ራሷን ነቀነቀች።

«እነዚህ ሁለቱ ያውቃሉ» አለች የትምወርቅ። «ሳህኖቹን አንሥቶ ያየው ግን አቀማመጣቸውን አያውቅም፤ የፈለገውም የላይኛውን ምንጭ ብቻ ነው። አጥንቼዋለሁ የሚል ሰው ሳህን መድፋት ይጠፋዋል? ዶክተር፣ ጥናቱን አልሠሩትም፤ ከራስዎ ፈጥረው ነው የጻፉት። ልጆቹ ሊደርሱብዎት ሆነ። ገብተው አዩ፤ ገና አላደገም። ሳህኑን ቢሰብሩ ነገ ሌላ ይቀዳል። ጠልሐ እንቅልፍ ጥሎታል፣ ከሰሉ ይነዳል። መስኮቱን ዘጉበት፤ በሩን ቆልፈው ሄዱ።»

«ስንት ዓመት የገነባሁትን ስም» አለ በላይ፣ «በልጆች ጨዋታ ያፍርሰው?»

ካቴና ገባለት። ፈርሂያ ነጻ ወጣሽ ስትባል እንኳ አልሰማችም፤ መብራት ከተመለሰ ወዲህ በኤሌክትሪክ ማሞቂያው ሲሞቁ የዋሉትን ሳህኖች አንድ በአንድ ወደ ብርሃን ታነሣለች። የሌሎቹ ምንጮች ሳህኖች በነጠብጣብ ተሞልተዋል። የላይኛውን ምንጭ ደጋግማ አገላብጣ አየች።

«ምንም የለበትም» አለች። «በግምት የጻፈው ልክ ነበር።»