ነፋስ የሚፈራው የባንድ መሪ

የባንዱ መሪ ኦሮንዞ በደቡብ ጣሊያኗ ከተማ በሎኮሮቶንዶ፣ በአንድ ማደሪያ ቤት፣ አልጋው ላይ በትራስ ታፍኖ ሞቶ ተገኘ። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ይህ ሰው ድንጋይ በሚያቀልጠው የነሐሴ ሐሩር እንኳ «ነፋስ ሊመታኝ ነው!» እያለ አንገቱን በሻርፕ የሚጠመጥም ነበር። በየከተማው የቅዱሳን በዓል ሊጫወቱ ከሌቼ ኦስቱኒ፣ ከኦስቱኒ እዚህ ድረስ ሲጓዙ የመኪናዋ መስኮት ለትንኝ እንኳ ተከፍቶ አያውቅም።

መርማሪዋ አሱንታ መጣች። የደቡብ ጣሊያን ሌቦች ስሟን ሲሰሙ የሰረቁትን ይመልሳሉ፤ ምራቂም ይጨምሩበታል። ፖሊሱ የባንዱን ሾፌር ሮኮን በካቴና አስሮ ጠበቃት።

«ትናንት ሙሉ ቀን እሱና ሟቹ በመኪናዋ መስኮት ጉዳይ ሲጨቃጨቁ ነበር። ገድሎት ሲያበቃ በእልህ ከፈተው» አላት።

«እመቤቴ፣ ሚስቴ ልትወልድ ሳምንት ቀርቷታል!» ሮኮ ሦስት ከተማ የሚያሰማ ለቅሶ ለቀቀው። «ላብ አጥምቆኝ መስኮት ክፈቱ ባልኩ ዕድሜ ልክ ልታሰር?»

አሱንታ ሬሳው ላይ አጎነበሰች። ዓይኖቹ ተከድነዋል። ሻርፑ ከአገጩ ሥር ዞሮ አናቱ ላይ ጥብቅ ብሎ ታስሯል።

«ማን ነካው?»

«ማንም። በሩን የከፈትነው ሁላችንም አንድ ላይ ነው» አለ የሟቹ ወንድም ፓንታሌዎ። ከበሮ መቺ ነው፤ ከመድረክ ወድቆ ግራ እጁ በጄሶ ታሽጓል።

ጥግ ላይ ዘፋኟ ፊሎሜና ትንሰቀሰቃለች። የሟቹ እጮኛ ናት፤ ለሃያ ሁለት ዓመት።

«ሃያ ሁለት?» አሱንታ ቅንድቧን አነሳች።

«በየዓመቱ ‹ከበዓላቱ በኋላ እንጋባለን› ይለኛል።»

«የየትኛው ዓመት በዓል?» አለ ፓንታሌዎ በሹክሹክታ። እሱና ፊሎሜና በጎሪጥ ተያዩ።

አሱንታ ሁሉንም አልጋው ዙሪያ አቆመች።

«እዚህ አገር ሰው ሲሞት መስኮት የሚከፈተው ለምንድን ነው?»

«ነፍስ እንድትወጣ» አለ ፖሊሱ፤ ሳያስበው ኮፍያውን አወለቀ።

«ገዳዩ ዓይኑን ከደነ፤ አገጩን አሰረ፤ ነፍሱን ሸኘ። በንዴት የገደለ ሰው ለሬሳ ይህን ያህል አይደክምም፤ ይሮጣል። ስለዚህ ሮኮ አይደለም፤ የሚወደው ሰው ነው። ወንድሙ ይወደው ይሆናል፤ ግን በአንድ እጅ እንዲህ ያለ ቋጠሮ አይታሰርም።»

የፊሎሜና እንባ ቀጥ አለ።

«‹የፊታችን እሁድ አንዲት የኦስቱኒ መበለት ላገባ ነው› አለኝ። ‹በሠርጌ ላይ ትዘፍኝልኛለሽ› አለኝ!»

«ታዲያ መስኮቱን ምን አስከፈተሽ?»

«ነፍሱ ምን አጠፋች?»

ፖሊሱ የሮኮን ካቴና ፈታ። ፊሎሜና ሃያ ሁለት ዓመት ቀለበት የጠበቀ እጇን ራሷ ዘረጋችለት።